ሐላል ነው፤ ጠይብስ?



አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 168ኛ አንቀጽ ሐላሉን ብቻ ሳይሆን ጠይብ፣ ማለትም መልካም የሆነውን እንድንበላ አዞናል። በቢስሚላህ የታረደ ሥጋ ሐላል ነው። ውስጡ ያለውን የኮሶ ትል ዕጭ የሚገድለው ግን እሳት ነው። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ የምትወዱ ይህን አስቡ።

ኮሶ ከየት ይመጣል? ኮሶ የያዘው ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፤ ከብት የትሉን እንቁላል ከሣር ጋር ይግጣል፤ ዕጩ ሥጋው ውስጥ ይቀመጣል፤ ጥሬውን በበላው ሰው አንጀት ውስጥ አድጎ በሜትር የሚለካ ትል ይሆናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በሚገለገልበት መንገድ፣ ጥላና የውሃ ቦታ መጸዳዳትን ከልክለዋል። የአንዱ ቆሻሻ የሌላው በሽታ ነው።

ስለዚህ ሥጋውን አብስሉት፤ በሽንት ቤት ተጠቀሙ። የታመመም አይፈር፣ ይታከም፤ መታከም ሱና ነው።

ጁሙዓ ሙባረክ!