ሰፈር ከተማ ሲሆን፦ የውሃ፣ የማገዶና የመንገድ ሐቅ

 

ስለ ነገ ከተሞች ሲወራ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ፎቅ፣ ወደ ሰፊ አስፋልትና በመብራት ወደደመቀ አደባባይ ነው። እኛ ክልል ውስጥ ግን ከተማ በሌላ መንገድ ሲወለድ እያየን ነው። ኢታንግ አጠገብ ያለችውን ኩሌን ተመልከቱ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ገባ። የቴርኪዲ መጠለያ በጥቂት ወራት ሞላና በግንቦት 2006 ኩሌ ተከፈተች። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይኖርባታል። ትምህርት ቤት አላት፣ ጤና ጣቢያ አላት፣ ገበያ አላት። የሌላት የከተማ ስም ብቻ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ ክልሉ ያስጠለላቸው ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዲናችን ምን ይለናል? የዛሬው ማስታወሻችን ስለዚህ ነው።

«ጊዜያዊ» የሚባለው ስንት ዓመት ነው?

ስለ ኩሌ ሲወራ ብዙ ጊዜ «ጊዜያዊ ነው» ሲባል እንሰማለን። ወደ ሲራችን እንመለስ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) እና ባልደረቦቻቸው የመካን በደል ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲመጡ እነሱም ነገ እንመለሳለን ብለው ሊሆን ይችላል። ግን በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር ላይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እስኪያገኙ ድረስ ከ10 ዓመት በላይ ቆዩ። ልጃቸው ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ምድር ላይ ነው። ነጃሺ «እንግዶች ናችሁ፣ ትሄዳላችሁ» ብለው ሐቃቸውን አላጓደሉባቸውም። ኩሌ ስትከፈት የተወለደ ሕፃንም ዛሬ 10 ዓመት አልፎታል። ሰው ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ሬሳ የቀበረበት ቦታ ለእሱ አገር ነው። ስለዚህ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል የሰው ሐቅ መርሻ ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ከሸምበቆ ጎጆ የተነሱ ከተሞች

ታላላቅ የምንላቸው የእስልምና ከተሞች ብዙዎቹ የተጀመሩት በሰፈራ ነው። በስራን ዑትባ ኢብን ገዝዋን፣ ኩፋን ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ሲመሠርቱ ሁለቱም የጦር ሰፈር ነበሩ። ቤቱ የሸምበቆ ጎጆ ነበር። የግብፁ ፉስጧጥም ስሙ በዐረብኛ ድንኳን ማለት ነው።

ኩፋ ላይ እሳት ተነስቶ ጎጆዎቹን በላ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ያኔ በጡብ እንዲሠሩ ፈቀዱ፤ ግን ማንም ከ3 ክፍል በላይ እንዳያበዛ አዘዙ። ጠበሪ እንደዘገቡት የመንገዱ ስፋትም ተወሰነ፦ ዋናው 40 ክንድ፣ ቀጥሎ ያለው 30፣ ከዚያ 20፣ የውስጥ ለውስጡ 7 ክንድ። የበስራ ሰዎች ደግሞ አሕነፍ ኢብን ቀይስ ዑመር ዘንድ ቀርበው የውሃ ችግራቸውን ሲነግሩላቸው ዑመር ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ጽፈው ቦይ አስቆፈሩላቸው።

አስተውሉ፤ ሰፈሩን ከተማ ያደረገው ፎቅ አይደለም። የውሃውና የመንገዱ ሐቅ ተለይቶ መታወቁ ነው።

አንደኛ፦ የውሃ ሐቅ

በአቡ ዳውድ በተዘገበ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች በሦስት ነገሮች ተጋሪ መሆናቸውን አስተምረዋል፦ በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት። በቡኻሪ ደግሞ የተረፈ ውሃ እያለው መንገደኛን የከለከለ ሰው የቂያማ ቀን አላህ ከማይመለከታቸው ሰዎች ጋር ተቆጥሯል። መንገደኛው ማን እንደሆነ፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ አልተለየም። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሰው ሁሉ ነጻ ያደረጉት ይህ ስለገባቸው ነው።

ኩሌ መጀመሪያ ላይ ውሃ በቦቴ መኪና ነበር የሚመጣላት። በኋላ በባሮ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ቧንቧ ተዘረጋ። ያው መስመር የኢታንግ ከተማን ነዋሪም፣ የመጠለያዎቹን ሰውም ያጠጣል። እዚህ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ፦ እንግዳው በመምጣቱ ባለአገሩም ቧንቧ አገኘ። ውሃው አንድ ከሆነ ጥበቃውም የጋራ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አይቶ ማለፍ የሌላውን ድርሻ ማፍሰስ ነው።

ሁለተኛ፦ የማገዶ ሐቅ

ሐዲሱ ላይ «እሳት» የተባለውን የተወሰኑ ዑለሞች ማገዶ ብለው አብራርተውታል። እኛ አካባቢ በጣም የሚያጣላው ይኸው ነው። ሴቶች እንጨት ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ፤ መንገዱ ያስፈራል። ባለአገሩ ደግሞ አባቶቹ የጠበቁት ዛፍ ሲወድቅ ያያል፤ ያዝናል። ሁለቱም እውነት አላቸው። መጉዳትም፣ ጉዳትን በጉዳት መመለስም የለም የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርሕ ሁለቱንም ይይዛል፦ ባለአገሩ እንግዳውን አይበድል፣ እንግዳውም የባለአገሩን ደን አይጨርስ።

መፍትሔው ከጠብ አይመጣም። እንጨት ከሚቆጥብ ምድጃና ከተከላ ይመጣል። ችግኝ በእጃችን እያለ ቂያማ ብትቆም እንኳ መትከል ከቻልን እንድንተክል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘውናል። ቂያማ እየቆመች «ለማን ብዬ ልትከል?» ማለት ካልተፈቀደልን፣ «ሰፈሩ ጊዜያዊ ነው» ብሎ አለመትከልማ እንዴት ይሆናል?

ሦስተኛ፦ የመንገድ ሐቅ

በመንገድ ስፋት ከተጣላችሁ 7 ክንድ አድርጉት የሚል መልእክት ያለው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገር ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ መሆኑንም ሁላችንም ተምረናል። አጥሩን በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ መንገድ የሚገፋ ሰው ሶላቱን ቢያበዛም የሕዝብ ሐቅ ተሸክሟል።

ጋምቤላ ሜዳ ነው፤ ክረምቱ ከባድ ነው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌይችዎር መጠለያ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ሰዉ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ግድ ሆኖበታል። ለውሃ መንገዱን ካልተውንለት የሰውን ቤት መንገድ ያደርገዋል። አንተ ቦይ ውስጥ የጣልከው ፌስታል ጎረቤትህ ቤት የሚገባ ጎርፍ ነው።

«እነሱ እኮ ሙስሊም አይደሉም» ለምትሉ

አዎ፣ የኩሌ ሰው አብዛኛው ሙስሊም አይደለም። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቤታቸው በግ ሲታረድ ለይሁዲ ጎረቤታቸው መሰጠቱን ደጋግመው ጠይቀዋል፤ ምክንያታቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጎረቤት አደራ የተናገሩት ነው። የሐበሻው ንጉሥም ጀዕፈርን ሲቀበሉ የራሳቸው ሃይማኖት ተከታይ አልነበሩም። የተደረገልንን የምናውቅ ሕዝቦች ከሆንን የምናደርገውም ሊጠፋን አይገባም።

ስደተኛን ዘላለም እጁን የሚዘረጋ ሰው አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ ሲሰጧቸው ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ዱዓ አድርገውላቸው የገበያውን መንገድ ጠየቁ። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ለስደተኞች የሥራን በር ከፍቷል። ከኩሌ ዓሣ ይዛ የመጣችውን እናት በዋጋ አለማታለል፣ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ መክፈል የዚህ ዘመን አንሷርነት ነው።

የሳምንቱ ሥራችን

1. የሚያፈስ ቧንቧ ካያችሁ ለሚመለከተው አካል ንገሩ፤ ከሩቅ ለመጣ ሰው ወረፋችሁን ልቀቁ።
2. አንድ ዛፍ ትከሉ፤ እስኪጸድቅም ተንከባከቡት። ሰው ወይም ወፍ እስከበላለት ድረስ ሶደቃ ነው።
3. ከዐስር ሶላት በኋላ በራችሁ ፊት ያለውን ቦይ ጥረጉ።
4. «ስደተኛ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚጠቀም ጓደኛ ካላችሁ በመልካም ቃል መልሱት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙሃጂር ነበሩ።

ያ አላህ! ከተሞቻችንንም ሰፈሮቻችንንም ሰላም አድርግልን። ለተፈናቀለው መመለሻውን፣ ለባለአገሩ በረካውን ስጠው። የሰው ሐቅ ተሸክመን አንተ ፊት ከመቆም ጠብቀን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛት አትርሱ። ወላሁ አዕለም።