ሙሐረምና እንቁጣጣሽ በስንት ቀን ይገናኛሉ?



2011 ዓ.ም. ሲገባ 1440 ሂጅራም በእነዚያው ቀናት ገብቷል። ሁለቱ አዲስ ዓመቶች እንዲህ የሚጠጋጉት በየ32 ወይም በየ33 ዓመቱ ነው። ከአማኑኤል፣ ከቢቸናና ከሞጣ ለመጣን ተማሪዎች ሁለቱም መቁጠሪያ የቤታችን ነው፤ አንዱን መድረሳ፣ ሌላውን ትምህርት ቤትና ጎረቤት አስተምሮናል። ታዲያ በስሌት፣ የሳምንቱ ቀን ሳይቀር፣ ሁሉም ወደ ተነሱበት የሚመለሱት መቼ ነው?

የኢትዮጵያው ቀላል ነው። ሦስት ዓመት 365፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት የሉቃስ ዘመን 366፤ ድምሩ 1,461 ቀን። የሂጅራው በሰንጠረዥ ሲቆጠር ዙሩ 30 ዓመት ነው፦ 19ኙ 354፣ 11ዱ 355 ቀን አላቸው፤ ድምሩ 10,631።

አሁን እናካፍል። 1,461 ማለት 3 × 487 ነው። 10,631ን ግን እስከ 103 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሞክሩት፤ አንዱም ያለ ቀሪ አያካፍለውም። ቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር 107 ነው፤ 107 × 107 ከ10,631 ስለሚበልጥ እዚያ እናቆማለን። (ያለ ካልኩሌተር ሞክሩት፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪያልቅ ይደርሳል።) ስለዚህ 10,631 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው። 7ም እንዲሁ። የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ብዜታቸው ራሱ ነው፦

3 × 7 × 487 × 10,631 = 108,723,237 ቀን

ይህ 297,668 የኢትዮጵያ ዓመት፣ 306,810 የሂጅራ ዓመት ይሆናል። የ30 ዓመቱ ዙር አንድ ቀን ቢረዝምና 10,632 ቢሆን ኖሮ ከ1,461 ጋር 3ን ይጋሩ ነበር፤ ጥበቃውም ወደ ሲሶው በወረደ።

ቁጥሩ አራት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ስለሆነ 2 × 2 × 2 × 2 = 16 አካፋዮች አሉት። ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 57,306,075 ይሆናሉ፤ ቁጥሩን አይሞሉትም። የዐረብኛው የሒሳብ ትምህርት እንዲህ ያለውን ናቂስ ይለዋል፤ እንደ 6ና 28 ልክ ሲሞላ ታም፣ ሲበልጥ ዛኢድ።

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ጨረቃ ግን አትጠብቀውም። አማካዩ የጨረቃ ወር 29.530589 ቀን ስለሆነ 360 ወር 10,631.012 ቀን ነው። ይህች ትርፍ በ2,500 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሞላለች፤ በ306,810 ዓመትማ ከ100 ቀን ታልፋለች።

ሸዕባን ባለቀ ቁጥር «ሰንጠረዡ ይበቃናል» ለሚሉ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ነገር እንጨምር። ሰንጠረዦቹ ራሳቸው አይስማሙም፦ ከ11ዱ ረጃጅም ዓመታት አንዱን ገሚሱ 15ኛው፣ ገሚሱ 16ኛው ያደርገዋል። ድምሩ ያው 10,631 ነው፤ የ16ኛው ዓመት መጀመሪያ ግን በአንድ ቀን ይለያያል።

ወላሁ አዕለም።