ጥቀርሻውን ላጽዳው?

ጥያቄ፦ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ አሮጌ የቻይና የቤት ውስጥ መቅደስ ገዛሁ። ውስጡ በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ ልፋቀው?

መልስ፦ እባክዎ አይንኩት። በእነዚህ መቅደሶች ውስጥ የቅድመ አያቶች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል፤ ከፊቱም ዕጣን ይጨሳል። ጭሱ ለዓመታት ወደ ላይ ሲወጣ ጣሪያውንና የላይኛውን ቅርጻ ቅርጽ ያጠቁራል፤ ከሰሌዳው ኋላ የተሸፈነው እንጨት ግን ብዙውን ጊዜ ገርጥቶ ይቀራል። ይህ የገረጣ ቦታ፣ ቤተሰብ ተገልግሎበት እንደነበር ከሻጭ ወረቀት ይልቅ ይመሰክራል። «ጥቀርሻም በሐሰት ይቀባል» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የተቀባ ጥቀርሻ ግን ብዙውን ጊዜ ጭስ የማይደርስበትን ጥግ ሳይቀር እኩል ያለብሳል። እ.ኤ.አ. በ1966 በቻይና በተጀመረው የባህል አብዮት ብዙ የቤት መቅደሶች ወድመዋልና፣ የተረፈውን አሻራ በሳሙና ማጠብ እጅግ ያሳዝናል። አቧራውን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ያንሡ።