ከኢትዮጵያ ሲመለሱ ምግብ ይዘው መግባት፦ በዴንቨርና በአውሮራ ለሚኖሩ

ዘመድ ያሰናዳልዎትን ስንቅ ይዘው መምጣት በራሱ ጥፋት አይደለም። ብዙ ሰው የሚቀጣው የያዘውን ምግብ ለጉምሩክ ሳያሳውቅ ሲቀር ነው።

ዋናው ሕግ፦ ሁሉንም ምግብ ያሳውቁ
• ምግብ ይዘው እንደሆነ ሲጠየቁ «አዎ» ይበሉ። በሻንጣ፣ በእጅ ቦርሳ ወይም ለሌላ ሰው በአደራ የያዙትንም ይጨምራል።
• ያሳወቁት ምግብ የማይፈቀድ ቢሆን ይወሰድብዎታል እንጂ በዚህ ምክንያት አይቀጡም።
• ሳያሳውቁ ከተገኘብዎ ግን ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጡ ይችላሉ።
• እንግሊዝኛ የሚከብድዎ ከሆነ የምግቦቹን ስም በእንግሊዝኛ አስጽፈው ይያዙ።

ምርመራው የት ነው?
አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በሚያርፉበት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዋሽንግተን ዳላስ ወይም በቺካጎ በኩል ከመጡ ሻንጣዎን እዚያ ተቀብለው በጉምሩክ ካለፉ በኋላ ለዴንቨር በረራ እንደገና ያስረክባሉ። ከፍራንክፈርት በቀጥታ ዴንቨር ከገቡ ምርመራው ዴንቨር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀዱ
• ቡና፣ የተቆላም ጥሬም
• በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሌላ ደረቅ የተፈጨ ቅመም
• ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ
ነቀዝ ወይም አፈር ከተገኘበት ግን ሊወሰድ ይችላል።

የማይፈቀዱ
• ቋንጣና ሌላ በቤት የተሰናዳ ሥጋ። አፍተግር የተባለውን የከብት በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ከዚህ በሽታ ነጻ ናት።
• እንደ ጤና አዳም ያለ ትኩስ ቅጠል፣ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት
• አስፈላጊው ሰነድ የሌለው ለመትከል የሚሆን ዘር
• ጫት፣ ትኩስም ደረቅም። በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ስለሆነ ፈጽሞ አይያዙ።

ቅቤና አይብ ከያዙ ያሳውቁ፤ ማለፍ አለማለፉን የሚወስነው መርማሪው ነው።

ጤናዎን ይጠብቁ
• ካልፈላ ወተት የተሠራ ቅቤና አይብ ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለነፍሰ ጡር ሴት ጽንስ እስከማስወረድ ይደርሳል። ከጉዞ በኋላ የማይለቅ ትኩሳት፣ ላብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለብዎ ለሐኪምዎ የት እንደነበሩና ምን እንደበሉ ይንገሩ።
• ከውጭ አገር ገበያ በሚገዙ አንዳንድ ቅመሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኝቷል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ በዓይን አይታይም፣ በማብሰልም አይጠፋም። ልጅዎ እንዲህ ያለ ቅመም የሚበላ ከሆነ የደም ምርመራ እንዲደረግለት ሐኪሙን ይጠይቁ።

በክሊኒክዎ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ።