ባለጠጋን ስለምንጠራባቸው ቃሎች

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ባልንጀራውን በሚጠራበት ቃል የልቡ ሚዛን ይታወቃልና፥ ገንዘብ የበዛለትን ሰው በምን ስም እንደምንጠራው ጥቂት እንመልከት።

«ሀብታም» የምንለው ቃል ሥሩ ግዕዝ ነው። «ወሀበ» ማለት ሰጠ ማለት ነውና «ሀብት» ስጦታ ይሆናል። እንግዲህ ሀብታም ማለት የተሰጠው ሰው ነው እንጂ ከራሱ ያመነጨ አይደለም። «ባለጸጋ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጸጋ በነጻ የሚገኝ ነገር ነውና። ጸጉርን ጠጉር እንደምንል ሁሉ ይህንም «ባለጠጋ» እንለዋለን።

«ከበርቴ» ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። «ከበረ» ማለት ክብር አገኘ ማለት ነው፤ ደግሞም ገንዘብ አገኘ ማለት ነው። «ነግዶ ከበረ» ስንል ክብሩና ብሩ በአንድ ቃል ታስረው ይወጣሉ። ድኻውስ ክብር የለውምን? ይኸው ቃል ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መወንጀያ ሆነ፤ «ከበርቴ» የተባለ ሰው ይፈራ ነበር እንጂ ደስ አይለውም ነበር። ቃሉ ያው ሳለ የተናጋሪው ልብ ተለወጠ።

«ቱጃር» ከዓረብ ቋንቋ የመጣ ነው። በዚያ ነጋዴዎች ማለት ሲሆን በእኛ ዘንድ ግን አንዱ ሰው ብቻውን ቱጃር ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ጌታ» የሚለው ነው። ባለገንዘቡን «ጌታ ሰው ነው» እንላለን፤ በፊቱ «ቸሩ ጌታዬ» ያልነውን ሰው ከበሩ ስንወጣ «ንፉግ፥ ቋጣሪ» እንለዋለን። በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ የባለጠጋው ስም አልተጻፈም፤ በደጁ የተኛው ድኻ ግን አልዓዛር ተብሎ በስሙ ተጠርቷል። እኛ የምንጠራው በተገላቢጦሽ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ቀን በለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የታወቀ ባለጠጋ ገባ። ፈጥኜ ተነሣሁና «ጌታዬ፥ እዚህ ይቀመጡ» ብዬ ስፍራዬን ለቀቅሁለት። ጥቂት ቆይቶ በዕድሜ የሚበልጠኝ፥ ጋቢው ያረጀ፥ እግሩ አቧራ የለበሰ ሰው ገባ። «አንተ፥ ወደ በሩ ጠጋ በል» አልሁት። እርሱም ምንም ሳይመልስ በበሩ አጠገብ ተቀመጠ። የሟቹ ታላቅ ወንድም መሆኑን፥ መርዶውንም ሰምቶ ከሩቅ አገር በእግሩ መምጣቱን የነገሩኝ ኋላ ነው። ወደ እርሱ ሄጄ «አንቱ» ልለው ብጀምር፥ አፌ ተያዘ።