ተራን መቁጠር፣ ሕግን መመርመር፦ በተራ የሚካሄዱ የመንግሥት ግንባታ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ስልት ስለ መማር፣ ከአሶሳና ከመተከል ታሪክ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ እንደ ሲቪላይዜሽንና ፍሪሲቭ ያሉ፣ ተጫዋቾች በተራ እየተፈራረቁ መንግሥት የሚገነቡባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ስልት እንዴት ቢጠና እንደሚሻል ይመረምራል። ጽሑፉ ሁለት ነጥቦችን ያቀርባል። የመጀመሪያው፣ ስልት የሚለመደው ብዙ ጊዜ በመጫወት ብቻ ሳይሆን ግምትን አስቀድሞ ጽፎ ከውጤቱ ጋር በማመሳከር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው መዝገብ የጨዋታውን ሕግጋት ከእውነተኛ ታሪክ ጋር ለማነጻጸር የሚያገለግል መሆኑ ነው። ለማነጻጸሪያ የተመረጠው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ አካባቢ ታሪክ ሲሆን፣ ትኩረቱ “ሰፋሪ” በተባለው የጨዋታ አሃድ ላይ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የጨዋታ ስልት፣ የተራ ዋጋ፣ ፍሪሲቭ፣ ሰፋሪ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ

1. መግቢያ

ሲድ ማየር ከብሩስ ሼሊ ጋር ያዘጋጁት ሲቪላይዜሽን የተባለው ጨዋታ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ተጫዋቹ አንድ ከተማ ቆርቁሮ ይጀምራል፤ መሬት ያርሳል፣ ዕውቀት ያዳብራል፣ ሠራዊት ያደራጃል፣ ከጎረቤት ጋር ይደራደራል ወይም ይዋጋል። የጨዋታው ጊዜ የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እና 1996 የዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህ ጨዋታ መነሻነት ፍሪሲቭን ሠሩ። ፍሪሲቭ በነጻ የሚሰራጭ፣ የፕሮግራም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነና በአነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ በመሆኑ፣ ሀብታቸው ውስን ለሆኑ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ይስማማል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርቡት የስሌት ምሳሌዎች በአብዛኛው በፍሪሲቭ ላይ የተመሠረቱት ስለዚህ ነው።

በተራ መጫወት ለኢትዮጵያዊ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። በገበጣ ተጫዋቹ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት ጉድጓድ እንደምታርፍ ይቆጥራል። በአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ “ወረራ” የሚባል የመክፈቻ ምዕራፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ማረክ እስኪደረግ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ እያንዳንዱም የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሟቸው ጥናቶች ሁለቱንም ጨዋታዎች በዝርዝር መዝግበዋል። ከገበጣ አስቀድሞ መቁጠርን፣ ከወረራ ደግሞ አሰላለፍን ማንበብን የለመደ ሰው ለቪዲዮ ጨዋታው የሚያስፈልገውን መሠረት ይዟል። የሚቀረው ይህን ልማድ ወደ ሰፊው ካርታ ማሸጋገር ነው።

2. የተራ ዋጋ

ጀማሪ ተጫዋች በአመዛኙ ያለውን ይቆጥራል፤ ስንት ከተማ፣ ስንት ወታደር፣ ምን ያህል ወርቅ እንዳለው። የተለማመደ ተጫዋች ግን ተራን ይቆጥራል። ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

በፍሪሲቭ ክላሲክ የሕግ ስብስብ አንድ ሰፋሪ 30 የምርት ነጥብ፣ አንድ ተራ ጦረኛ ደግሞ 10 ነጥብ ያስወጣል። አንዲት ከተማ በየተራው 3 ነጥብ ታመርታለች እንበል። ሰፋሪን ካስቀደመች በ10ኛው ተራ ታወጣዋለች። ጦረኛን አስቀድማ ሰፋሪን ካስከተለች በድምሩ 40 ነጥብ ስለሚያስፈልጋት ሰፋሪው የሚወጣው በ14ኛው ተራ ነው። እንግዲህ የጦረኛው ዋጋ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው 10 ነጥብ ብቻ አይደለም። ሁለተኛዋ ከተማ በ4 ተራ መዘግየቷም አብሮ ይታሰባል፤ ሁለተኛዋ ከተማ ሦስተኛዋን የምታስገኝ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ ወደ ሦስተኛዋ ይተላለፋል። በምጣኔ ሀብት ትምህርት የታለፈ አማራጭ ዋጋ የሚባለው ይህ ነው።

ስሌቱ በዚህ አያበቃም። ሰፋሪ ሲወጣ የከተማዋ ሕዝብ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ነዋሪም በየተራው 2 የምግብ ነጥብ ይበላል። ስለዚህ የምርት ነጥቡ ቢደርስም ምግቡ ካልደረሰ ከተማዋ ሰፋሪ ማውጣት ይሳናታል፤ ብታወጣም ትዳከማለች። በሌላ በኩል ከተማዋ ያለ ጠባቂ ቀርታ ብትያዝ፣ የተቆጠበው 4 ተራ ከንቱ ይሆናል። በመሆኑም “ሰፋሪ ይቅደም” ወይም “ጦረኛ ይቅደም” የሚል ለሁሉም ካርታ የሚሠራ መልስ የለም። ተማሪው ሊያውቀው የሚገባው ምርጫው ስንት ተራ እንደሚያስከፍለውና ያንን የሚከፍለው ምን ስጋት ገምቶ እንደሆነ ነው።

3. ከሽንፈት፣ ከመመሪያና ከመዝገብ መማር

ከርት ስኳየር እ.ኤ.አ. በ2004 ለኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ሲቪላይዜሽን 3ን ለዓለም ታሪክ ትምህርት በተማሪዎች መካከል ሞክረዋል። ጨዋታውን ተረድቶ መጫወት ብዙ ሰዓት የሚጠይቅ ሆኖ ተገኝቷል፤ ትተውት የወጡ ተማሪዎችም ነበሩ። ለቀጠሉት ግን ሽንፈት ዋና የጥያቄ ምንጭ ሆኗል፤ “ለምን ተሸነፍሁ?” የሚለው ጥያቄ ስለ መልክዓ ምድር፣ ስለ ንግድና ስለ ቴክኖሎጂ ወደ ማንበብ መርቷቸዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሽንፈት የሚያስተምረው ምክንያቱ ተለይቶ ሊታወቅ ሲችል መሆኑ ነው። መቶ ተራ ተጫውቶ የተሸነፈ ሰው ስህተቱ በ8ኛው ይሁን በ80ኛው ተራ ካላወቀ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ የሚለውጠው ነገር አይኖረውም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከኮምፒዩተር ሳይንስ የመጣ ነው። ብራናቫን፣ ዴቪድ ሲልቨርና ሬጂና ባርዚላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ የጨዋታውን መመሪያ እያነበበ ፍሪሲቭን የሚጫወት ፕሮግራም አቅርበዋል። መመሪያውን የሚጠቀመው ፕሮግራም ከማይጠቀመው በ34 በመቶኛ ነጥብ የበለጠ የማሸነፍ ውጤት አስመዝግቧል፤ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተሠራውን ተፎካካሪም ከ65 በመቶ በላይ በሆኑ ጨዋታዎች አሸንፏል። ለአስተማሪ ከቁጥሩ ይልቅ የፕሮግራሙ አነባበብ ይጠቅማል። ፕሮግራሙ በየጊዜው ያለበትን ሁኔታ አይቶ ከመመሪያው ለዚያ ሁኔታ የሚስማማውን ዓረፍተ ነገር ይመርጣል። ለሰውም የሚበጀው አነባበብ ይኸው ነው። መመሪያን ከዳር እስከ ዳር ከማጥናት ይልቅ ጥያቄው ከሰሌዳው ላይ ሲነሣ መልሱን ከመመሪያው መፈለግ ይሻላል።

እነዚህን ማስረጃዎች ከተራ ስሌት ጋር በማጣመር የሚከተለውን የልምምድ ሥርዓት ማቅረብ ይቻላል። ጨዋታው 40 ተራ ላይ ይቆማል። ከመጀመሩ በፊትና ከዚያም በየ10 ተራው ተማሪው በወረቀት ላይ ግምቱን ይጽፋል፤ ለምሳሌ “በ20ኛው ተራ ሦስት ከተማ ይኖረኛል፤ ምክንያቱም…” በማለት። ተራው ሲደርስ የሆነውን ከጎኑ ያሰፍራል፤ ግምቱና ውጤቱ ሲለያዩም ልዩነቱን የሚያብራራ አንድ ሕግ ከመመሪያው ይፈልጋል። ከዚያም በፍሪሲቭ የካርታውን መነሻ ቁጥር አንድ ዓይነት በማድረግ ያንኑ ካርታ አንድ ውሳኔ ብቻ ለውጦ ይደግመዋል። አንድ ነገር ብቻ ስለተለወጠ፣ የውጤቱን ልዩነት ከዚያ ውሳኔ ጋር ማያያዝ ቀላል ይሆናል።

4. የጨዋታ ሕግ ምን ይላል?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለማሸነፍ ይረዳል። ሆኖም ማንኛውም የጨዋታ ሕግ፣ መንግሥት እንዴት እንደሚያድግና እንደሚወድቅ የሚናገር አንድ አቋም ነው። ኢትዮጵያ በሲቪላይዜሽን የቀረበችበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የሲቪላይዜሽን 5 ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ መሪነት ቀርባለች። “የአድዋ መንፈስ” የተባለው ልዩ ችሎታዋ ከእርሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው መንግሥት ጋር ስትዋጋ 20 በመቶ ተጨማሪ የውጊያ ኃይል ይሰጣታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በሲቪላይዜሽን 6 በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት ስትቀርብ፣ በኮረብታ ላይ የሚቆረቆሩ ከተሞቿ ልዩ ጥቅም ያገኛሉ።

የመጀመሪያው ሕግ ተጫዋቹን ጥቂት ከተሞች ይዞ እንዲከላከል ይመክረዋል። ይህ አድዋን እንደ ትንሹ በትልቁ ላይ እንደተቀዳጀው ድል የሚያይ አቋም ነው። ይሁን እንጂ ከ1896ቱ የአድዋ ድል በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ራስ መኮንን የመሩት የምኒልክ ሠራዊት ወደ ቤላ ሻንጉል ዘምቷል። ያው መንግሥት በሰሜን ተከላካይ፣ በምዕራብ ደግሞ ግዛቱን የሚያሰፋ ነበር። የጨዋታው ሕግ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ትቷል። ተማሪው ሕጉን ተጠቅሞ ሲያሸንፍ፣ የተተወውን ሳያይ እንዳያልፍ መዝገቡ ይረዳዋል።

5. “ሰፋሪ” በአሶሳና በመተከል

ፍሪሲቭን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚገኝ ክፍል የሚያቀርብ አስተማሪ የመጀመሪያውን አሃድ ስም ሲተረጉም “ሰፋሪ” ከሚለው ቃል ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በጨዋታው ሰፋሪ ባዶ መሬት አግኝቶ ከተማ የሚቆረቁር ነው። በካርታው ላይ አልፎ አልፎ የሚታዩት የትናንሽ ሕዝቦች መንደሮችም የጎጆ ምልክት ብቻ አላቸው። የተጫዋቹ አሃድ ጎጆው ላይ ሲደርስ ወርቅ፣ ዕውቀት ወይም ቅጥረኛ ወታደር ያገኛል፤ አንዳንዴም ጥቃት ይገጥመዋል። በሁሉም ሁኔታ ግን ጎጆው ከካርታው ይጠፋል።

የአካባቢው ታሪክ ከዚህ ይለያል። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የ19ኛው መቶ ዘመን ቤላ ሻንጉልን ያጠኑት በጨው፣ በወርቅና በሥልጣን ተቀባይነት መስተጋብር ነው። ወርቁ ከ1821 ጀምሮ ሱዳንን የያዘውን የቱርክና የግብጽ አስተዳደር፣ በኋላም ማሕዲስቶችንና የምኒልክን መንግሥት ስቧል። የአካባቢው ሼኾች በእነዚህ ኃይሎች መካከል ይደራደሩ፣ ይገብሩ፣ ይዋጉም ነበር። የአሶሳው ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን ከ1898ቱ ዘመቻ በኋላ በአዲስ አበባ በግዞት ቆይተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ በወርቅ እየገበሩም የአካባቢው ዋነኛ ገዥ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በምኒልክና በብሪታንያ መካከል የተፈረመው ውል አካባቢውን ከኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ አስገብቷል። በጨዋታው አንድ ከተማ ወይ የእኔ ወይ የሌላ ነው፤ የሼኽ ሆጀሌን ዓይነት ገባር ሆኖ የሚገዛ ሥልጣን የሚያሳይ አሃድ ግን በፍሪሲቭ መደበኛ ሕግጋት የለም።

የመሬቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ በቆየው የፈረቃ እርሻ መሬት ለጥቂት ዓመታት ታርሶ እንዲያገግም ይተዋል። ጫካውም ለማር፣ ለአደንና ለሥራ ሥር ለቀማ ያገለግላል። እንዲህ ያለው መሬት በጨዋታው ካርታ ላይ ቢቀመጥ ማንም ያልያዘው ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። በደርግ ዘመን ከ1984ቱ ድርቅ በኋላ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከሰሜንና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲዛወር፣ ከመዳረሻዎቹ መካከል የመተከሉ ፓዌና አሶሳ ይገኙበት ነበር። የጣና በለስ ፕሮጀክትም በዚሁ ዘመን ተጀምሯል። ለዕቅድ አውጪው ባዶ መስሎ የታየው መሬት ለጉሙዝ ገበሬ ተራውን የሚጠብቅ ማሳ ነበር። ሰፋሪ የተባለውም ሰው በድርቅ ተፈናቅሎ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ፈቃዱ የመጣ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ዛሬ በክልሉ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ልጆች አሏቸው። “ሰፋሪ” የሚለው ቃል በእነዚህ ተማሪዎች መካከል እንደ ጨዋታ ቃል ብቻ ሊያልፍ አይችልም።

6. ለክፍል የሚሆን አሠራር

ከላይ በተጠቀሰው መዝገብ ላይ ሦስተኛ ዓምድ መጨመር ይገባል። የመጀመሪያው ዓምድ ግምት፣ ሁለተኛው ውጤት ሲሆን፣ ሦስተኛው “ሕጉ ያልቆጠረው” የሚል ይሁን። ተማሪው አዲስ ከተማ በቆረቆረ ቁጥር በዚያ የካርታ ክፍል ላይ ማን ሊኖር፣ ምን ሊያርስ፣ ከማን ጋር ሊነግድ ይችል እንደነበር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። የፍሪሲቭ የሕግ ስብስቦች በጽሑፍ ፋይል የተቀመጡ ስለሆኑ፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ የተመረቁ ተማሪዎች አንዱን ሕግ ሊያሻሽሉ ይችላሉ። ለምሳሌ ጎጆ የሚጠፋበትን ሕግ አስወግደው ካርታውን እንደገና ቢጫወቱ፣ “ቶሎ ተስፋፋ” የሚለው ስልት አሁንም አዋጭ መሆን አለመሆኑን መመዘን ይችላሉ። የታሪክና የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች ደግሞ ሕጉ በምን ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ መሻሻል እንዳለበት ያቀርባሉ።

7. ማጠቃለያ

በተራ የሚካሄድ የመንግሥት ግንባታ ጨዋታ ስልት በሦስት ልማዶች ይጠናል፦ የእያንዳንዱን ምርጫ ዋጋ በተራ መቁጠር፣ ግምትን አስቀድሞ መጻፍ፣ አንድ ውሳኔ ብቻ ለውጦ ያንኑ ካርታ መድገም። እነዚህ ልማዶች የተሻለ ተጫዋች ያፈራሉ። በአሶሳ፣ በመተከልም ሆነ በሌላ የአገራችን ክፍል ጨዋታው ለትምህርት ሲውል ግን አራተኛ ልማድ ያስፈልጋል፤ አሸናፊ የሚያደርገውን ሕግ ከአካባቢው ታሪክ ጋር ማመሳከር። ይህ አሠራር በክፍል ውስጥ ምን ውጤት እንደሚያመጣ፣ በተለይም ተማሪዎች ስለ መሬትና ስለ ሰፈራ ያላቸውን አስተሳሰብ ይለውጥ እንደሆነ፣ በተግባራዊ ጥናት መፈተሽ ለቀጣይ ተመራማሪዎች የተተወ ሥራ ነው።