አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሲገዛና ሲጸዳ

በገጠር ቤት ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ሽጉጥ አይጠፋም። ከአያት የወረደ አለ። በበሬ ዋጋ የተገዛም አለ። ባለቤቱ ይወደዋል፤ ውስጡን ግን አያውቀውም። አሮጌ ሽጉጥ የገዢውን ገንዘብ ሊበላ ይችላል። ጣትም ሊበላ ይችላል። እንግዲህ ዛሬ የምንማረው ስለዚህ ሽጉጥ ነው።

መጀመሪያ ክፍሎቹን እንወቅ። መሐሉ ላይ ክብ ብረት አለ። ክቡ ብረት ስድስት ቀዳዳ አለው። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ጥይት ይጎርሳል። ስድስት ጎራሽ የተባለው ለዚህ ነው። እኛም ክቡን ብረት «ጎራሽ» እንበለው። በጣት የሚሳበው «ምላጭ» ነው። ከኋላ ብቅ ያለው፣ ጥይቱን የሚመታው «መዶሻ» ነው።

አንዳንዱ ሽጉጥ መዶሻው በአውራ ጣት ካልተሳበ አይተኩስም። ሌላው ግን ምላጩን ብቻ ሲስቡት መዶሻው ራሱ ይነሣል፤ ጎራሹ ይዞራል፤ መዶሻው ይወድቃል፤ ጥይቱ ይተኮሳል። በሁለቱም መንገድ የሚሠራው ሽጉጥ ባለ ድርብ ሥራ ነው። መዶሻው በአውራ ጣት ከተነሣ ምላጩ በጣም ይቀላል። ትንሽ ንክኪ ይበቃዋል። አደገኛው ቦታ ይህ ነው።

ከእነዚህ ሽጉጦች አንዱ የጣሊያን ጦር ሽጉጥ ነው። ስሙ ቦዴዮ ይባላል። የጣሊያን ጦር የተቀበለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ነው። ጣሊያን በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲዋጋ ይህ ሽጉጥ በሠራዊቱ ዘንድ ነበረ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው የወረራ ዘመንም ነበረ። የተራ ወታደሩ ሽጉጥ ቱቦው ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ምላጩ ይታጠፋል፤ የምላጭ ቀለበት የለውም። የመኮንኑ ግን ቱቦው ድብልብል ነው፤ ቀለበትም አለው። የእንግሊዝ መኮንኖች ደግሞ ዌብሊና ኤንፊልድ የሚባሉትን ይዘው ነበር።

አሁን ወደ መግዛቱ እንምጣ። ከዋጋው በፊት ሕጉ ይቀድማል። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ወጥቷል። ቁጥሩ 1177 ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መግዛትም ሆነ መሸጥ ክልክል ነው። «የአባቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሻጩ «ፖሊስ ምን ያደርግልናል፣ እኛው እንጨርሰው» ካለ፣ ሽጉጡን መልሱለትና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በሽጉጡ አካል ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ በወረቀት ጻፉት። ከሻጩ የፈቃድ ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። አንዲት አኃዝ ብትለይ መሣሪያው ሌላ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ደግሞ ምንም ቢረክስ አትንኩት። አንዳንዱ ሽጉጥ ላይ የተሠራበት ዓመትም አለ። ይህ የአውሮፓ ዓመት ነው። ወደ እኛ ለመመለስ 8 ቀንሱ፤ ከመስከረም ጀምሮ እስከ አውሮፓ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ከሆነ 7። ለምሳሌ 1916 ቢል፣ ከ1916 ላይ 8 ሲቀነስ 1908 ይመጣል።

ቀጥሎ እጃችሁ ይሥራ። ሽጉጥ ስትቀበሉ ሻጩ «ባዶ ነው» ቢላችሁም አትመኑት። አፈሙዙን ሰውም ከብትም ወደሌለበት መሬት አዙሩ። ጣታችሁ ከምላጩ ይራቅ። ጎራሹን ከፍታችሁ ስድስቱንም ቀዳዳ ቁጠሩ። ቦዴዮ በቀኝ በኩል፣ ከጎራሹ ኋላ ትንሽ በር አላት። በሯ ተከፍታ ጥይቱ አንድ በአንድ ከፊት በዘንግ ተገፍቶ ይወጣል። ዌብሊ ከመሐሉ ታጥፎ ይከፈታል። ጎራሹ ወደ ግራ ጎን የሚወጣም ዓይነት አለ።

ባዶ መሆኑን ካያችሁ በኋላ መዶሻውን በዝግታ ወደ ኋላ ሳቡ። መዶሻው ጫፍ ሲደርስ ጎራሹ ቀጥ ብሎ መቆለፍ አለበት። በጣታችሁ ወዘወዙት። ትንሽ ቢነቃነቅ የእርጅና ነው። ከቦታው ቢዞር ግን ቀዳዳው ከቱቦው ጋር አልገጠመም። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ሲተኮስ እርሳሱ የቱቦውን አፍ ይገጫል፤ ፍንጣሪው በጎን ወጥቶ እጅና ዓይን ይጎዳል። አንዱ ቀዳዳ ደህና ሆኖ ሌላው ሊበላሽ ስለሚችል፣ ስድስቱንም ፈትሹ። መዶሻው እንደተነሣ፣ ምላጩን ሳትነኩ፣ ከኋላ በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። ከወደቀ መያዣው ጥርስ አልቋል፤ አትግዙት። መዶሻውን ስትመልሱ በአውራ ጣት ይዛችሁ ቀስ አድርጉ። ባዶ ሽጉጥ ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ ማድረግ የአሮጌ መዶሻ መርፌ ይሰብራል።

ቱቦውንም ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ውስጡ የተጠማዘዘ ቦይ አለው። ቦዩ ከታየ ጥሩ ነው። ጥቂት የዝገት ጠባሳ ሞት አይደለም። በቱቦው ውስጥ እንደ ቀለበት የጠቆረ ክብ ከታየ፣ በውጭም በዚያው ቦታ እብጠት ካለ፣ ቱቦው አንድ ጊዜ ተነፍቷል። እሱ አይጠገንም።

ስለ ጥይትም አንድ ነገር እንበል። የቦዴዮ ጥይት 10.35 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። «ይህኛውም ይገባል» የሚል አይጠፋም። መግባቱ መግጠሙ አይደለም። ጉልበቱ የበዛ ጥይት አሮጌውን ጎራሽ ይሰነጥቀዋል። ጥይቱ ከሌለ ሽጉጡ መታሰቢያ ይሁን።

የማጽዳቱ ሥራ ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቆ ነው። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ነጭ ጋዝ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ለስላሳ ቀጭን እንጨት። በብረት ሽቦ አትጎርጉሩ፤ ቦዩን ይቧጭረዋል። በአመድና በአሸዋም አትፈትጉ። ምጣድ አይደለም! አሸዋ ቀለሙን ይልጠዋል፤ የተቀረጸውንም ቁጥር ያጠፋዋል። ቁጥሩ ከጠፋ ደግሞ የራሳችሁን ንብረት ማስረዳት ሊያስቸግራችሁ ነው።

ሽጉጡ በአሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት ከተተኮሰ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። ገበሬው በዚህ ይገረማል፤ ውኃ ያዝጋል እንጂ ያጸዳል ወይ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጌው ጥይት መቀጣጠያ ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው በክረምት እንዴት እንደሚያላብ ታውቃላችሁ። በቱቦው ውስጥም እርጥበት ይስባል፤ ብረቱን ይበላል። ዘይትና ጋዝ ጨው አያሟሙም፤ ውኃ ግን ያሟማል። ስለዚህ ጎራሹን አውጥታችሁ በሳሙና በተበጠበጠ የፈላ ውኃ ቱቦውንና ቀዳዳዎቹን እጠቡ። የጋለ ብረት ቶሎ ይደርቃል። ቢሆንም በጨርቅ ደጋግማችሁ አድርቁት።

ከዚያ በጋዝ የራሰ ጨርቅ በእንጨቱ ጫፍ ጠቅልላችሁ ቱቦውን ወልውሉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ለውጡ። ስድስቱን ቀዳዳ እንዲሁ። የጎራሹን ፊትና የመዶሻውን ሥር በብሩሽ ጥረጉ። የጎኑን ብሎኖች ግን አትፍቱ፤ ውስጥ ሞላ አለ፤ አንዴ ከፈነጠረ መልሶ የሚገጥም አይገኝም። ሲደርቅ በአንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አብሱት። ዘይት ሲበዛ ወደ ጥይቱ ገብቶ መቀጣጠያውን ያከሽፋል። የኑግ ዘይት አታድርጉ፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቅቤም አታድርጉ።

ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት ማለታችን ነው። የእርሳስ ብናኝ መርዝ ነው፤ በልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል።

ሽጉጡን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ባዶውን፣ በቁልፍ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ብዙዎቹ አሮጌ ሽጉጦች መዶሻቸውን የሚያግድ ነገር የላቸውም። መዶሻው በጥይት ላይ አርፎ ሽጉጡ ከመደብ ቢወድቅ፣ ማንም ምላጭ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል።

መልመጃ። አንድ ሽጉጥ ላይ 1923 የሚል የአውሮፓ ዓመት ተቀርጿል፤ ወሩ የካቲት ነው። በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው? በፈቃዱ ወረቀት ላይ ቁጥሩ 40617 ይላል፤ በብረቱ ላይ 40671 ይላል። ትገዙታላችሁ ወይስ አትገዙትም? መልሱን ከነምክንያቱ በደብተራችሁ ጻፉ።